ዳንቴል የለበሱ ስፒከሮች

ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ያስተማረኝም ቀበሌ ነው። ለዚህ ማመስገን አለብህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ያመስግኑ። ከሥራ መልስ ከዘበኞችና ከጠላ ሻጮች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሬ ሀ ሁ አልኩ። ሰርተፊኬት ሰጡኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ስጠግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን የሚያነብልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። እኔ በጣቴ አሳየዋለሁ፣ እሱ ያነብልኛል፣ እኔ በልቤ እይዘዋለሁ። ተምሬ ስጨርስ "ጋሼ፣ እንግዲህ ከሥራ አባረርከኝ ማለት ነው" ብሎ ቀለደብኝ።

በዚያ ፊደል ያለማንም እርዳታ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ የስም ዝርዝር ነው። አናቱ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ይላል። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ የወንድሜ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። የአባታችንን ስም በጽሑፍ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳልሳሳት አንብቤው እንደሆነ ለማረጋገጥ ሁለተኛ አነበብኩት። ሳልሳሳት ነው ያነበብኩት።

ወንድሜ ሃያ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። ሰኞ ጠዋት ከኅብረት ሱቅ ዳቦ ይዞ ሲመለስ መንገድ ላይ ከሌሎች ጋር ለቅመው ወሰዱት። ዳቦውን አንዲት ጎረቤታችን አምጥታ ለእናቴ ሰጠቻት፤ ነገሩን ያወቅነው በዚያ ነው። ልጆቹን የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አጎሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ማሠልጠኛ እንደሚወስዳቸው ተነገረን። ማክሰኞ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ረቡዕ እኔ የምልመላውን ኃላፊ ልለምን ሄድኩ።

እኛ ጎፋ ነበርን፤ ከታች በኩል፣ ጭቃ ቤት። ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ የሠራኋት አንዲት ሱቅ ነበረችኝ፤ በክረምት ታፈሳለች፣ በበጋ ትጠብሳለች። ደንበኞቼ ከላፍቶ ወዲያ የሚመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ባለባትሪ ሬዲዮአቸውን ከነቆዳ ልብሱ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጣሉ፣ ስከፍተው ከውስጡ የጤፍ ገለባ ይወጣል። ዘመናዊ ዕቃ ያላቸው ሰዎች ወደ እኔ አይመጡም ነበር። ኃላፊው ግን አንድ ጊዜ የሸክላ ማጫወቻውን አሠርቶኝ ያውቀኛል። የሚኖረው ዳገቱ ላይ፣ ባለቤቱ ከአገር የወጣበት ቪላ ውስጥ ነው። ሰውየው ሲሸሽ ከቤቱ ጋር አልጋውም፣ መጋረጃውም፣ ሸክላ ማጫወቻውም ቀርቷል። ኃላፊው የገባው በሰው ፒጃማ ነው ይባል ነበር። ይሁን አይሁን አላውቅም።

ልመናዬን አላስጨረሰኝም። "አንተ ባለሬዲዮ፣ እግዜር ነው ያመጣህ" አለና እጄን ይዞ ሳሎን አስገባኝ። እግዜር የለም እያለ በስብሰባ የሚያስተምር ሰው ነው።

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ሁለት የእንጨት ስፒከሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወገቤ ድረስ ይደርሳሉ። ፊታቸውን የሚሸፍነው ጨርቅ ድሮ ጠፍቶ ሆዳቸው ተከፍቶ ነው የሚታየው። ከታች ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ አለ። ከላይ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው፣ ትዊተር የምትባለዋ ትንሿ ስፒከር አለች። እሷ መሐሏ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያላት ጉልላት አላት፤ ጉብ ብላ የወጣች፣ ስስ፣ ልክ እንደ ሕፃን አናት። የሦስት ዓመት ሴት ልጁ የሁለቱንም ጉልላት በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ አስገብታቸዋለች። ጎድጉደው ቀርተዋል።

"ጓድ፣ ድምፁን ብዙ አይጎዳውም፤ እንዲህ ሆኖም ይሠራል" አልኩት። እውነቴን ነበር።

"ስለ ድምፅ ጠየቅኩህ?" አለኝ። "ቅዳሜ ከሰዓት እንግዶች አሉብኝ፤ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው የሚመጡት። ይሄ ዓይኑ እንደፈሰሰ ሰው እያፈጠጠባቸው ነው የሚጠጡት?"

ይስተካከላል አልኩት። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም። እንደዚህ ያለ ስፒከር ከፍቼም አላውቅም። ይስተካከላል አልኩ።

"እንግዲያው ስማኝ" አለኝ። "ወንድምህን አውቄዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ እንደነበሩ አድርገህ አምጣልኝ። እኔም አንዲት ወረቀት አያቅተኝም።"

እንደነበሩ አድርገህ። ቃሉን ይዤ ወረድኩ። ስፒከሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ከወፍጮ ቤቱ የእጅ ጋሪ ለምኜ አወረድኳቸው። ሱቄ ቁልፏ የማይታመን ስለሆነ ቤት አስገብቼ እናቴ አልጋ ፊት አቆምኳቸው። ለእናቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሳጥኖቹን ቆማ አየቻቸው። "ልጄ እነዚህ ውስጥ ነው ያለው በለኛ" አለች።

ሐሙስ ጠዋት የግራውን ፈታሁ። ጉልላቷ ጨርቅ ናት፤ ሐር የመሰለ ስስ ጨርቅ፣ እንደ ቫርኒሽ ያለ ነገር ጠጥቶ የጠነከረ። በመርፌ ከነካኋት ትበሳለች፣ በማስቲካ ከሳብኳት ትቀደዳለች። ከኋላ እንዳልገፋት ማግኔቱ አለ። ያለው መንገድ አየሩን ከፊት መሳብ ነው። በአፌ ሞከርኩ፤ ከንፈሬ ለጠርዟ አልገጥም አለ፤ ምራቄ ነካት፣ ደነገጥኩ። እያሰብኩ ሳለ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በሱቄ ፊት አለፈች፤ ልጁ ጡጦ ይዟል። ፋርማሲ ሄጄ የጡጦ ጎማ ገዛሁ። የጡጦው ጎማ እግሩ ሰፊ ነው፤ ጉልላቷ ላይ ሲደፋ ልክ ይመጣል። ጫፉን በምላጭ ቆረጥኩት።

እናቴ ስታየኝ "ይሄ ደግሞ ለማን ነው? እዚህ ቤት ማን ተወለደ?" አለችኝ።

"የጓዱ ስፒከር ሊጠባ ነው።"

ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ጎማውን ጉልላቷ ላይ ደፍቼ፣ ዙሪያውን በጣቶቼ ይዤ፣ ጫፉን አፌ ውስጥ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ምንም የለም። ትንሽ ጨምሬ ሳብኩ። ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማውን ሳነሳው ጉልላቷ ወጥታለች። ሙሉ ናት። የነካት ሰው ያለ አይመስልም። መሬት ላይ ተቀመጥኩና እግሬን ዘረጋሁ። እናቴ "ግማሹ ወጣ" አለች። ስለ ስፒከሩ እንዳልተናገረች አውቃለሁ።

የቀኙን ስፈታ ሌላ ሆነ። ያችኛዋ ከዚህ በፊት ተቃጥላ ኖሮ ሌላ ዓይነት ተገዝቶ ተተክቶባታል። ጉልላቷ ጨርቅ አይደለችም፤ ብረት ናት፣ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ እንዳለው ብርማ ወረቀት የሳሳች ብረት። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ብረት የታጠፈበትን አይረሳም። በጡጦው ሳብኳት፤ ግማሽ መንገድ መጥታ ቆመች። መሐሏ ላይ የምስር ክክ የምታህል ጉድጓድ ቀረች። ከዚህ በላይ ብስብ ጠርዟ እንደሚሸበሸብ ታየኝ። እጄን አነሳሁ። ያን ቀን ዳግመኛ አልነካኋትም። ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ ማለት ይቻላል። ሬዲዮ ያመጣ አንድ ገበሬ ቆሞ ቆሞ "ምን ያደርጋሉ?" ቢለኝ "አልሠራም፣ ሂድ" አልኩት። ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ነበር። ሄደ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ከሳጥኗ ስር ጧፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ለበዓል ያስቀመጠችው ነው። "በዚህ ጸልይበት" ልትለኝ ነበር። እኔ ጧፉን ሳይ ሌላ ነገር ታየኝ። ሰሙን ከክሩ ገፍፌ በጣቶቼ መሐል አለሰለስኩት። በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ የጤፍ ቁንጣሪ የምታህል ሰም አድርጌ ጉድጓዷ ውስጥ አሳረፍኳት፤ እስክትቀዘቅዝ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከዚያ እንጨቱን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ። ሰሙ ለቀቀ። እንደገና። ለቀቀ። ጠዋት የጀመርኩት እስከ ምሳ ስንት ጊዜ እንደለቀቀ አልቆጠርኩም። በእያንዳንዱ ሙከራ ግን ጉድጓዷ የፀጉር ያህል ታንሳለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ዘንድ ምሳ ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ መስኮቱ በሽቦ የታጠረ ነው፤ ሳህኑን ከሥር ያሾልኩታል። ያ አዳራሽ እኔ ሀ ሁ የተማርኩበት አዳራሽ ነው። ጥቁር ሰሌዳው አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ወንድሜና ጓደኞቹ ደጋግመው የካርታ ነጥብ ጽፈውበታል።

"ጋሼ፣ በሽተኞቹ እንዴት ሆኑ?" አለኝ። ነገሩን በጎረቤት ልጅ ሰምቷል።

"አንዱ ድኗል። አንዱ እያገገመ ነው።"

"አንተ ጡጦ ታጠባለህ አሉኝ። እዚህ ሁሉም ስቆብሃል።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እማዬ ነገ እዚህ እንዳትመጣ። መኪናው ላይ ስወጣ ካየኋት አልችልም።"

"መኪናው ላይ አትወጣም" አልኩት።

"እሺ" አለ። እንዳላመነኝ አየሁ። የሚያሾፍ ልጅ ሲያምን ያሾፋል፤ ያን ጊዜ አላሾፈም።

ዓርብ ወደ ማታ ጉልላቷ ወጣች። በመጨረሻ ሰሙ ያዘ፣ እንጨቱ ሳበ፣ ብረቷ እንደ ትንሽ ጥፍር ጠቅ ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። የቀረባትን የሰም ነጠብጣብ ልጠርግ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ። እንደ ደረቀ ምራቅ ያለ ነጭ ነገር ነው፣ ማንም ልብ አይለውም ብዬ ተውኩት። ስፒከሮቹን ገጥሜ ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ለእናቴ አልቋል አልኳት። አትንኪያቸው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንደዚያ የደከምኩበትን ነገር እንዳይነካ መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሪውን ላመጣ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ባለወፍጮው ተኝቶ ኖሮ አስቆመኝ። ስመለስ ሁለት ሰዓት አልፏል። እናቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ይዛ ስፒከሮቹ ፊት ቆማለች። ከጎኗ ጭድ የተጎዘጎዘበት ቆርቆሮ ውስጥ እንቁላል ደርድራለች። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውንም ቆሻሻውንም መልሳ አታውቅም። ጎረቤት በሳህን ጎመን ቢልክላት ሳህኑን አጥባ፣ ሌላ ነገር አድርጋበት ነው የምትመልሰው። ምንም ከሌላት አንድ እፍኝ ጨው ታደርግበታለች። እንደሷ ያሉ ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

"አበስኩልህ" አለችኝ። "የሰው ዕቃ እንዲህ አቧራ ለብሶ ይሄዳል? እቺ ጉብ ያለችዋ ላይማ ነጠብጣብ ነገር ነበረባት፤ አልለቅ ብላኝ ጫን አድርጌ ነው ያስለቀቅኳት። ያቺኛዋንም እንደዚያው።"

አየሁ። ሁለቱም ገብተዋል። ልጅቷ አስገብታቸው ከነበረው የበለጠ ገብተዋል። እናቴ ሙሉ ዕድሜዋን በምጣድና በልብስ አጠባ የኖረች ሴት ናት፤ አውራ ጣቷ የወንድ ነው።

"ውጪልኝ" አልኳት።

"ምን አጠፋሁ?"

"ውጪ አልኩሽ።"

ወጣች። እኔ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም ማለት ግን ውሸት ነው። አስቤያለሁ። እንደዚህ እንዳሉ ልውሰዳቸው ወይ ብያለሁ። ድምፁ ይሠራል። ሰውየው ይቆጣል፣ እኔ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፣ ምናልባት። ግን እንደነበሩ ነው ያለኝ። ደግሞም፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ሁለት ቀን የሠራሁትን ተበላሽቶ ይዤ መግባት አልፈለግኩም። ይሄ የጭቃ ቤት ባለሬዲዮ መች ቻለ እንዲለኝ አልፈለግኩም። ጡጦውን አነሳሁ።

የጨርቋ ወዲያው ወጣች። የብረቷ አልወጣችም። አንድ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ሁለተኛ ሲታጠፍ በዚያው መስመር ነው የሚሄደው፤ እሷም እንደዚያ ሆነች። ሰም፣ ክብሪት፣ ትንፋሽ መያዝ። እናቴ ከውጭ በር ላይ ተቀምጣ ማርያም ማርያም ስትል እሰማታለሁ። በመጨረሻ ወጣች፤ መሐሏ ላይ ግን የጥፍር ጭረት የመሰለ ሽብሽብ ቀረባት። ከዚያ በላይ እጄ አልቻለም። ሳየው ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሊሆን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዷል።

ጋሪው ላይ ጫንኳቸው። እናቴ እንቁላሉን ከላይ አስቀመጠችና በእጇ ይዛ ትንሽ መንገድ ሸኘችኝ። ዳገቱን ብቻዬን ገፋሁት። ፒስታ መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ሳጥኖቹን በአንድ እጄ እደግፋለሁ።

ኃላፊው ቁርስ ላይ ነበር። ተቀመጥ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሽቦዎቹን አሰርኩ። ካሴት ፈልጎ አጣ፤ ሌላ መሳቢያ ከፈተ፤ አገኘ፤ ማጠንጠን አለበት አለ፤ አጠነጠነ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አያለሁ። አራት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ዘፈኑ ተጀመረ። ኃላፊው እንጀራውን እያኘከ ራሱን ነቀነቀ። ስፒከሩ ፊት ጎንበስ ብሎ ጉልላቷን እስኪያይ እየጠበቅሁ ነው። ለሽብሽቧ ምን እንደምለው በልቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ጓድ፣ ይህ ከፋብሪካው ነው ልለው ነበር።

ያኔ ሚስቱ ከጓዳ ወጣች። በእጇ ሁለት ትልልቅ ዳንቴሎች ይዛለች፤ ነጭ፣ በሩዝ ውሃ ደርቀው ቀጥ ያሉ።

"ልጅቷ ዳግመኛ እንዳትነካቸው ብዬ ሠራሁላቸው" አለችኝ። "ሦስት ቀን አላረፍኩም። አቧራም አይጠጡም።"

አንዱን በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ስፒከር ላይ አለበሰችው። ዳንቴሉ ከአናታቸው ተነስቶ እስከ ወገባቸው ወረደ። ጉልላቶቹ ተሸፈኑ። የወጡ ይሁኑ የገቡ፣ ብረት ይሁኑ ጨርቅ፣ እንቁላል ይሁኑ ድንጋይ የሚለይ ሰው የለም።

ኃላፊው ከወንበሩ አልተነሳም። "አሁን ገና ዕቃ መሰሉ" አለ። እጁን ጠርጎ ወረቀት አወጣ፣ ጻፈ፣ ማኅተም መታበት። ሚስቱ እንቁላሉን ተቀብላ "እናትህ ጨዋ ናት" አለችኝ።

ወረቀቱን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከላይ ስሙ የተጠቀሰው በጤና ጉድለት ለጊዜው ይቆይ ይላል። ስሙ ትክክል ነው። ማኅተሙ አለ። ጋሪውን ጥዬ ሮጥኩ።

በዚህ አገር በሰዓቱ የተነሳ መኪና ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አላየሁትምም፤ አዳራሹ በር ላይ የጎማውን ምልክት ነው ያየሁት። እናቶች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የጥበቃው ጓድ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠው፤ ማንበብ አይችልም። እኔ አነበብኩለት። ከሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የተማርነው፤ እሱ ግን አቋረጠ።

"ሄደዋል፣ ወንድሜ" አለኝ። "ሃያ ደቂቃ ቢሆናቸው ነው።"

እስከ ሳሪስ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አልጠየቅኩም። ከሳሪስ ወደታች መንገዱ ባዶ ነበር፤ አንድ ገለባ የጫነ አህያ ብቻ። ሰኞ ወረቀቱን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ስሄድ ከእጁ እንደወጣ ነገረኝ፤ አዝኗልም። እንግዶቹ ዳንቴሉን እንዳደነቁለትም ነገረኝ።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት የተመለስኩት ከቀትር በኋላ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ካለ ታያለች። መንገዱን ሁሉ ስመጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ስፒከሮቹን ጉልላታቸው እንደገባ ይዣቸው ብሄድ ኖሮ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደርስ ነበር። ሰውየው ቢቆጣ ቢቆጣ ሚስቱ ዳንቴሏን አምጥታ ትሸፍንልኝ ነበር። ወረቀቱ በሦስት ሰዓት እጄ ይገባ ነበር። ያን አንድ ሰዓት የበላሁት እኔ ነኝ። ሁሉን አውቄዋለሁ፤ በር ላይ ስደርስ ሁሉን አውቄ ነው የደረስኩት።

"የታለ?" አለችኝ።

"ልጅሽን የወሰደው መኪናው አይደለም" አልኳት። "ጨርቅሽ ነው።"

ሌላም ሌላም ተናገርኩ። ያለቀ ሥራ እንደሆነ፣ አልቆ ቆሞ እንደነበር፣ በእሷ ጣት እንደሆነ። ጎረቤት ሰማ። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችው።

"አትንኪ አላልከኝም" አለች። እየወቀሰችኝ አልነበረም። ነገሩን እየፈለገች ነበር፣ የጣለችውን መርፌ እንደምትፈልግ ሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቤት ውስጥ ዕቃ አብሳ አታውቅም። ምግብ ትሠራለች፣ ትጠርጋለች፣ ታጥባለች። ጨርቅ ይዛ ግን ምንም አትነካም። ጠረጴዛው፣ ሳጥኑ፣ የኔ ሬዲዮ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የወንድሜ ፎቶግራፍ አቧራ ለበሱ። የጎፋ አቧራ ይታወቃል፤ በሦስት ቀን ስም ይጻፍበታል። እኔ አንዳንዴ አብስ ነበር። ሳብስ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከማሠልጠኛው። ለኔ ነው የጻፈው። ፊደሉን እያንዳንዱን እንደ ክብሪት ሣጥን አግዝፎ ጽፎታል። "ጋሼ፣ በትልልቁ የጻፍኩት አንተው እንድታነበው ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ። በሽተኞቹ ዳኑ ወይ?" ይላል። እማዬ እንዳታስብ ይላል፤ ምግቡ ደህና ነው ይላል። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ በሽተኞቹ የሚለውን ዘለልኩት። ከዚያ ወደ ሰሜን እንደሄዱ ሰማን። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ሞተ ብሎ የነገረን የለም፤ አለ ብሎም የነገረን የለም።

መንግሥቱ የወደቀ ጊዜ ወታደሮቹ በእግራቸው ተመለሱ። ቡቱቶ ለብሰው፣ አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ በቃሊቲ በኩል ሲገቡ እናቴ አንድ ወር ሙሉ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ፎቶግራፉን ከግድግዳው አውርዳ ይዛ ትሄዳለች፤ ለሚያልፈው ሁሉ ታሳያለች። መስታወቱ በአቧራ ፊቱን ከልሎታል። አንዱ ወታደር "እማማ፣ ይጥረጉት እንጂ፣ ምንም አይታይም" አላት አሉ። ለኔ ሰጠችኝ። እኔ ጠረግኩላት። በማግሥቱ ይዛው ሄደች፤ ማንም አላወቀውም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖራለች። የዳንቴሉን ነገር አልነገርኳትም። ልነግራት የተቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ እማዬ እላለሁ፣ ወዬ ትለኛለች፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ እላታለሁ። የሷን ጥፋት በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ የኔን ይዤ ቀበርኳት። እውነቱ ይሄ ነው። ማንበብና መጻፍ ተምሬ ለራሴ የሚጠቅም ነገር ከጻፍኩ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም ለሷ አይደርስም።

ሱቄ አሁንም አለች። አሁን ጎረምሳው ሁሉ ትልልቅ ስፒከር አለው፤ ልጆችም ጣት አላቸው። ጉልላቱ የገባበት ሰው ያመጣልኛል። ይስተካከላል ወይ ይለኛል። ይስተካከላል፤ የብረቱም ጭምር፣ የጡጦ ጎማ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

"ድምፁ ይሠራል አይደል?" እለዋለሁ።

"ይሠራል፤ ግን ያስጠላል።"

"እንግዲያው ጨርቅ አልብሰህ ተጠቀምበት" እልና መልሼ አሸክመዋለሁ። ሲሄዱ ለጎረቤቴ ሽማግሌው አርጅቷል፣ ሙያው ጠፍቶበታል እንደሚሉ አውቃለሁ።